መልስ የሚጠብቀው ፋይል

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ አልወድም።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ሐርጌሳ በዚያ ሰዓት ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፣ ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል፣ መንገዱ ላይ ፍየል ብቻ ይቀራል።

ይማም እባላለሁ፣ የወሎ ልጅ ነኝ። እዚህ ስልክና ታብሌት ስጠግን አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ አገር ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም፤ እኔን ኢንዶዬሬ ይሉኛል፣ ዐይነ ትንሹ ማለታቸው ነው። ሚስቴ ራሕማ እንኳ ስትቆጣ በእሱ ነው የምትጠራኝ።

የዚያን ቀን ጠዋት ኡባህ መጣች። ባሏ ሊባን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት፣ እሷ እርጉዝ ሳለች፣ በርበራ መንገድ ላይ ጎርፍ ወሰደው። ልጁን ሰገልን አላያትም።

ስክሪኑ የተሰነጠቀ ታብሌት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"ኢንዶዬሬ፣ በዚያች ዐይንህ የጠፋ ነገር ታገኛለህ ይላሉ።"

"ካገኘሁልሽ ዐይኑ ትልቅ ነው ብለሽ ታወሪልኛለሽ?"

"ብናገርስ ማን ያምነኛል?"

ከዚያ ሳቋን ተወች።

"የሊባን ድምፅ እዚህ ውስጥ አለ። በሞተበት ሰሞን ከመንገድ የላከልኝ። ዳውንሎድ አደረግኩት፣ የት እንደገባ ግን አላውቅም። አልታይ ሲለኝ ደግሜ ዳውንሎድ አደረግኩት። ከዚያ ወደቀና ተሰበረ።"

"ስልክሽ ላይ የለም?"

"ስልኩ ተሰርቋል። ያለኝ ይኸው ብቻ ነው።"

እዚህ ልጅ አፉን እንደፈታ የአባቶቹን ስም መቁጠር ይማራል። አባት ስሙን ይጠይቀዋል፣ ልጁ ይመልሳል። አባት የራሱን ስም ይነግረዋል፣ ልጁ ይደግማል። እንዲህ እያሉ እስከ ሃያ አያት ይወጣሉ። ሊባን የቀዳው ይህን ነበር። የምትወለደው ሴት መሆኗን ከሐኪም ሰምቷል፣ ስም ግን ገና አልወጣላትም፤ ስለዚህ የስሟን ቦታ በዝምታ ትቶላታል።

"ሰገል ከአባቷ አፍ ትስማው። ሌላ ነገር አልጠይቅህም፣ ወንድሜ።"

ለአሥር ሰዓት ቀጠርኳት። ምሳዬን ትቼ በሩን ገርበብ አደረግኩና ቁጭ አልኩ።

የታብሌቱ ባትሪ አብጧል። ቻርጅ አይቀበልም፣ የቀረው ዘጠኝ በመቶ ነው። ዳውንሎድ የሚለውን ከፈትኩ። ካርቱን፣ ቁርኣን፣ የሠርግ ዘፈን... ሁሉም ስማቸው ረጅም ቁጥር ነው። በቀን ደረደርኳቸው። ከታች ሁለት መንታ ፋይሎች አገኘሁ። ሁለቱም አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።

የመጀመሪያውን ተጫንኩት።

የመኪና ሞተር... ነፋስ... ከዚያ የሰው ድምፅ።

"ልጄ... ማን ልበልሽ?"

ዝምታ።

ፋይሉን በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር። ለቀልድ ያህል አፌን ከፈትኩ።

"ይማም" አልኩት።

የሞተሩ ድምፅ ቀጥ አለ።

"እንድሪስ" አለ ድምፁ፣ ቀስ ብሎ።

እንድሪስ የአባቴ ስም ነው።

"አሰን።"

አያቴ ነው።

"በሽር።"

ቅድመ አያቴ።

"ጎበና።"

ይህን አላውቀውም።

ደሴ ላለው አባቴ ደወልኩ።

"አባ፣ ከበሽር በላይ ያለው ማን ይባላል?"

"ምን ሆነህ ነው?"

"ዝም ብለህ ንገረኝ።"

"ጎበና..." ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አያቴ ሊሞት ሲል ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። አንተ ከማን ሰማህ?"

ዘጋሁት።

ፋይሉን ደግሜ ከፈትኩት። ለሰገል በተተወው ዝምታ ውስጥ የእኔ ድምፅ ገብቷል። የእሷ አባቶች አንዳቸውም የሉም። የፈራሁት ለራሴ ብቻ አልነበረም፤ አባቷን በጭራሽ አይታ የማታውቅ ልጅ የቀረላትን አንድ ነገር የነጠቅኳት መሰለኝ። አፈርኩ።

አንድ ፋይል ቀርቷል። ኡባህ ደግማ ዳውንሎድ ያደረገችው።

የተበላሸ እንዳይሆን ማወቅ ነበረብኝ። በመዳፌ አፌን አፍኜ ከፈትኩት።

"ልጄ... ማን ልበልሽ?"

ዝምታ... ሃያ ሰከንድ... ሠላሳ...

አንድ ደቂቃ ከአርባ ደረሰ። አለፈ። ሁለት ደቂቃ ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ሞተሩ ይሰማል። አንድ ሰው ይተነፍሳል።

እየጠበቀ ነበር።

አቆምኩትና በጥድፊያ ሚሞሪ ካርድ ላይ ገለበጥኩት። ገልብጦ እንደጨረሰ ታብሌቱ ጠፋ። ሁለተኛ አልበራም።

አሥር ሰዓት ላይ ኡባህ ሰገልን ይዛ መጣች። ካርዱን ስልኳ ውስጥ ከተትኩና ማዳመጫውን ልጅቷ ጆሮ ላይ አደረግኩላት።

"ሲጠይቅሽ ቶሎ መልሺለት፣ እሺ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ምን ነካህ? ቅጂ እኮ ነው" አለች ኡባህ።

ሰገል አዳመጠች።

"ሰገል" አለች።

ወደ እሷ ጎንበስ አልኩ።

"ሊባን" አለች ልጅቷ። "ዋርሰሜ... ጉሌድ... ሮብሌ..."

እስከ መጨረሻው ቆጠረች። ኡባህ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ እፎይ ብዬ።

ሰገል ግን ማዳመጫውን አላወለቀችም። ዞራ አየችኝ።

"አባቴ ለአጎት ንገሪው አለኝ።"

"ምን ብለሽ?"

"አንተም ለልጅህ ቅዳለት... ቶሎ በል አለ።"

"ልጅ የለኝም እኮ፣ ሰገል።"

"ተዋት፣ ስትቀልድብህ ነው" አለች ኡባህ። የልጅቷን እጅ ይዛ ወጣች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ራሕማ ማርገዟን ነገረችኝ።

እኔ ምንም አልቀዳሁም። ወላሂ አልቀዳሁም።

ዛሬ ጠዋት ግን የሱቄን ኮምፒውተር ስከፍት ዳውንሎድ ውስጥ አንድ አዲስ ፋይል ነበር። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።

ተጫንኩት።

የመኪና ሞተር... ነፋስ... እኔ መኪና ነድቼ አላውቅም።

ከዚያ ድምፅ መጣ። የሊባን አይደለም። የእኔ ነው፣ በጣም የደከመው።

"ልጄ... ማን ልበልህ?"

ዝምታ።

"ይማም" አለ የራሴው ድምፅ፤ ዝምታው ለልጄ ስም የተተወ ነበር።