አምስት ድርጭቶች፣ አራት እንቁላሎች

«ዛሬም አራት ናቸው!» አለች ጠያቂት፣ እጇን ከሽቦው ሣጥን እያወጣች።

ጠያቂት ያሏት ከጥያቄዋ ብዛት የተነሣ ነው፤ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላት በቤቱ ውስጥ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት አልተረፈም። በጓሮው በረንዳ አምስት ሴት ድርጭቶች አሉ፤ በየቀኑ የሚገኘው እንቁላል ግን አራት ብቻ ነው።

«አንዷ በነጻ እየበላች ነው» አሉ አክስቷ፣ መኖውን በጣሳ እየሰፈሩ። «በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ሌላ ጣይ አመጣለሁ። ሣጥኑ ከአምስት በላይ አይችልም፤ የማትጥለዋ ትታረዳለች።»

«የማትጥለዋ የትኛዋ ናት?»

«ይቺ ናታ!» በጣሳው ጠርዝ ወደ ቁጡዋ ጠቆሙ። ቁጡዋ የቀረባትን እጅ ሁሉ በመንቁር የምትቀበል ናትና ስሟን በሥራዋ አግኝታዋለች። «ጧት ጧት አያታለሁ፤ አንድ ቀን አርፋ አትቀመጥም። ወይዘሮን ተመልከቻት እስቲ! ማልዳ ጥጓን ይዛ ሣሩ ላይ ትሰየማለች። እንቁላል ያላት እንዲህ ናት። ሠላሳ ዓመት ዶሮ ያረባሁት በከንቱ መሰለሽ?»

ወይዘሮ የጠያቂት ናት። ጫጩት ሳለች እግሯ አልጸና ብሎ ስለ ነበር፣ በመዳፏ ይዛ በጠብታ ውኃ አጠጥታ አሳድጋታለች። ስለዚህ ፍርዱ በቁጡዋ ላይ ሲወድቅ ልጅቷ እፎይ አለች።

ቢሆንም አንድ ነገር ከነከናት። ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሣጥኑ ውስጥ እንቁላል የለም፤ ከቀትር በኋላ ስትመለስ ግን ገና ትኩስ የሆነ ታገኛለች። ታዲያ ወይዘሮ በማለዳ የምትቀመጠው ምን ልትጥል ነው?

አራቱን እንቁላሎች በመስኮቱ ደፍ ላይ ደረደረቻቸው። አንደኛው ቀለም የተንጠባጠበበት ይመስላል። ሁለተኛው እንደ በርበሬ ዱቄት በደቃቁ ተነስንሶበታል። ሦስተኛው ወደ ሰማያዊ ያደላ ሆኖ ሦስት ነጥብ ብቻ አለው። አራተኛው ከግማሽ በላይ ጠቁሯል። በማግሥቱም እነዚያው አራት መልኮች መጡ፤ በሠልስቱም እንዲሁ። መምህር የተማሪዎቹን ጽሕፈት ስም ሳያይ እንደሚለይ፣ እርሷም ባለቤቶቹን መለየት እንደምትችል ገባት።

ከሰኞ ጀምሮ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች በየቀኑ አንዷን ድርጭት በካርቶን ለይታ፣ መኖና ውኃ አቅርባ፣ ፊት ለፊቷ መቀመጥ ጀመረች።

«መርማሪ ፖሊስ!» አላት ታላቅ ወንድሟ። «ተጠርጣሪዋ ተናዘዘች?»

«አቦ ዝም በል፣ ትደነግጣለች!»

መጀመሪያ ያስገባችው ቁጡዋን ነበር። ዐሥር ሰዓት ገደማ ቁጡዋ መራመዷን ገታ አደረገች፤ ጭራዋን ዝቅ፣ ላባዋን ነፋ አደረገች፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መንገዷን ቀጠለች። ከኋላዋ ቀለም የተንጠባጠበበት እንቁላል ቀረ። ጎጆ አልፈለገች፤ አልተቀመጠችም፤ ቆማ ጣለችው። ጠያቂት አፏን በእጇ ይዛ ቀረች።

ማክሰኞ የዱቄቱ፣ ረቡዕ የሰማያዊው፣ ሐሙስ የጥቁሩ ባለቤት ታወቁ። ወይዘሮን ለመጨረሻ ቀን ያቆየቻት ዐውቃ ይሁን ሳታውቅ ለራሷም ግልጽ አልሆነላትም። ዓርብ ወይዘሮ በካርቶኑ ጥግ ሣሯን አመቻችታ ተቀመጠች። እስኪመሽ ተቀመጠች። ከሥሯ ሣር ብቻ ነበረ፤ በሽቦው ሣጥን ውስጥ ግን አራቱም እንቁላሎች ተገኝተዋል።

ወንድሟ የሆነውን ሰምቶ ትከሻውን ነቀነቀ። «ታዲያ ምን ትጨነቂያለሽ? ዝም በያ! አክስቴ ፈርደዋል፤ ቁጡዋ እንደ ሆነች እኔንም ጣቴን አድምታኛለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ብርቅ ነው እንዴ?»

«ዳዋው ግን እየጣለ ነው» አለች ጠያቂት።

ቅዳሜ ጧት አክስቷ ቅርጫት ይዘው ወጡ። ወይዘሮ እንደ ልማዷ ጥጓን ይዛ ተሰይማለች። የሽቦውን በር ከፍተው እጃቸውን ወደ ቁጡዋ ሲሰዱ፣ ይህች ጠቅ አደረገቻቸው።

«አየሽልኝ? ባዶ ሆድ፣ ሙሉ አፍ!»

ጠያቂት ወደ ጥጉ ላለማየት ዐይኗን በቅርጫቱ ላይ ተከለች። አንድ ቃል ባትናገር ነገሩ አሁኑኑ ያልቃል፤ የሚጠይቃትም የለም።

«አክስቴ፣ ይቆዩ። እርሷ አይደለችም።»

«ምን?»

«ድርጭት እንደ ዶሮ አይደለችም። ማለዳ አትጥልም፤ ስትጥልም አትቀመጥም። ዐሥር ሰዓት ላይ መጥተው በዐይንዎ ይዩ።»

«እርሷ ካልሆነች ታዲያ የትኛዋ ናት?»

«ተቀምጠን አብረን እናያታለን» አለች ልጅቷ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ሁለት በርጩማዎች ይዛ ተመለሰች፤ አጠገብ ለአጠገብም በሣጥኑ ፊት አኖረቻቸው።