የሩታ ምልክቶች

«አንድ ጊዜ ደግሞ ይሳቡ» አለች ነርስ ሉሲያ።

ከኩላሊት ማጠቢያው ማሽን ጋር ተያይዞ የተኛው የሩታ አባት ታቪታ የመለኪያውን ቱቦ በከንፈሩ ይዞ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ግንባሩ ላብ አወጣ። መለኪያው ላይ የወጣው ቁጥር ግን ከስድስት ሳምንት በፊት ከነበረው አንሶ ተገኘ።

ሉሲያ ግራ ገባት። የታቪታ ኩላሊት ከደከመ ወዲህ የመተንፈሻ ጡንቻውም አብሮ ስለሰለለ፣ ጠዋትና ማታ ሠላሳ ሠላሳ ጊዜ አየር እየሳበ የሚያጠነክርበት ትንሽ መሣሪያ ሰጥታው ነበር። ሩታ ያመጣችው ወረቀት ላይ ደግሞ አንድም ቀን ሳይጎድል ምልክት ተደርጓል።

ታቪታ መሣሪያውን ነክቶት አያውቅም። በሳሞአ ዋና ከተማ በአፒያ የጀልባ ውድድር አርባ ቀዛፊ በድምፁ ብቻ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። «እንደ ሕፃን ጡጦ አልጠባም» ብሎ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ወረወረው፤ ምልክቱን እንድትሞላም ልጁን አዘዘ። እምቢ ባለች ጊዜ ሁለት ቀን አኮረፋት። ከዚያ ወዲህ ሩታ ጥርሷን ነክሳ ትሞላለች። እሱ ግን አሁን የቤተ ክርስቲያኑን አምስት ደረጃ እንኳ ሳያርፍ አይወጣም።

ሉሲያ መሣሪያው እንዳልሠራለት፣ ለሌላ በሽተኛ እንደምትሰጠውና ሐኪሙ ሳንባውን እንደሚመረምር ነገረችው። ታቪታ ራሱን በእሺታ ነቀነቀና ሩታን ገላመጣት። አፍሽን ዝጊ ማለቱ ነበር።

«አልሳበም» አለች ሩታ። «ምልክቱን ያደረግኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ አልሳበም።»

ሉሲያ አልተቆጣችም። አዲስ ወረቀት ሰጠቻት፤ መሣሪያውን ሳትወስድ አንድ ወር እንደምትጠብቅ ተናግራ ወደ ሌላው አልጋ ሄደች።

«ሰው ፊት… አዋረድሽኝ» አለ ታቪታ። ሊጮህ ሞክሮ ትንፋሹ መሃል ላይ ከዳው። «ሁለተኛ እዚህ ድርሽ እንዳትዪ። አክስትሽ ትመጣለች።»

«አክስቴም ትዋሽልህ?»

«ባለጌ።»

«እሺ፣ ባለጌ ነኝ።»

የታቪታ ደም በአንድ ክንዱ በኩል ወደ ማሽኑ ይመላለሳል፤ ታጥቦ እስኪያበቃ ገና ሦስት ሰዓት ይቀራል። ሩታ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ነፃ እጁ አጠገብ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችና፣ ከእንግዲህ እሱ ራሱ እንደሚጽፍ ነገረችው።

ታቪታ በክርኑ ገፋው። እስክሪብቶው ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሩታ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠግታ ተቀመጠች። እስክሪብቶውን ግን አላነሳችውም።