የተራቡት ሽሪምፖች

«ኮከቦቹ ገና አላለቁም። መስታወቱን እንዳለ ወረውታል፤ ትንሽ ይታገሡኝ» አለ ወንድሟ በስልክ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ።

እሷ ከዓሣ ገንዳው አጠገብ ተንበርክካ ነበር። መስታወቱ ላይ አንድም የባሕር ኮከብ አይታይም።

ጥፍር የሚያክሉት ግራጫ ኮከቦች መጀመሪያ የገቡት ከአዲስ ኮራል፣ ከዛፍ መሰሉ የባሕር እንስሳ፣ ጋር ተደብቀው ነው። ራሳቸውን ለሁለት እየከፈሉ ተባዝተው ገንዳውን አጥለቀለቁት። ወገቧ እስኪቆረጥ በወረንጦ ብትለቅማቸውም፣ የለቀመቻቸው በማግሥቱ በሌሎች ተተክተው ይጠብቋት ነበር። የገላገሏት ጣት የሚያክሉት ባለ ብዙ እግር የባሕር እንስሳት፣ ሁለቱ ሽሪምፖች፣ ናቸው። በነጭ ገላቸው ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ የፈሰሰባቸው እነዚህ ጥንዶች፣ ከባሕር ኮከብ በቀር ሌላ ነገር አይበሉም። ስለዚህ የሰፈሩ ዓሣ አሳዳጊዎች አንድ ስምምነት ነበራቸው፤ ጥንዶቹ የማንም አይደሉም፤ በአንዱ ቤት ኮከብ ሲያልቅ፣ ኮከብ ወዳስቸገረው ሌላ ቤት ይሻገራሉ። አሁን ተረኛዋ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ነበሩ፤ የደወሉትም እሳቸው ናቸው።

«ለምን ዋሸሃቸው?» አለችው፣ ስልኩን ሲዘጋ።

«ዳኛዋ ችሎት ተቀመጠች» አለ እየሳቀ። ቤት ውስጥ ሁሉም «ዳኛዋ» ይላታል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እሷም ትስቅ ነበር።

ቅዳሜ የክፍሉ ልጆች ገንዳውን ሊያዩ እንደሚመጡ፣ ስለ ሽሪምፖቹ ብዙ እንዳወራላቸው፣ ከዚያ በኋላ እንደሚያስረክብ ነገራት። ባለፈው ሳምንትም ፎቶ ላንሣቸው ብሎ እንዲሁ ማለቱን አስታወሰችው። ሴቷ ሽሪምፕ ከድንጋዩ ሥር መውጣት ትታለች። ወንዱ ያንኑ ባዶ ጠጠር እየገለበጠ ሲፈትሽ ይውላል።

«ፋራ አትሁኚ፤ ላሽ በይው። ደግሞ ገንዳው የኔ ነው።»

ደሟ ፈላ። አዎ፣ ገንዳው የእሱ ነው። ጨዉን ለክታ የምትበጠብጠው፣ አረንጓዴውን ዝቃጭ ከመስታወቱ ላይ የምትፍቀው ግን እሷ ናት። የሰው ዓይን ሲያርፍበት ብቻ ነው የእሱ የሚሆነው።

«እናንተ ልጆች፣ ለሁለት ነፍሳት ብላችሁ ቤቱን አታፍርሱት» አለች እናታቸው ከጓዳ። «አንቺም ተይው፤ ታላቅሽ ነው።»

ይህ ደግሞ ይበልጥ አንገበገባት። ታላቅነት ለመዋሸት የተሰጠ ፈቃድ ነው እንዴ? የውሃውን ፓምፕ አጠፋችና ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ አመጣች።

ወንድሟ ሳቁን አቆመ። «ከነካሻቸው፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ገንዳ አጠገብ አትደርሺም።»

እጇ ውሃው ላይ ቆመ። ያለውን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ከፊቷ፣ ስባሪ ሳለ ጀምራ ያሳደገችው ኮራል ጣቶቹን ዘርግቶ ከውሃው ጋር ይወዛወዛል። ነገ እሱን ማን ያየዋል? ወዲያው ግን ወንዱ ሽሪምፕ ጠጠሩን እንደገና ገለበጠው።

እጇን እስከ ክርኗ ከተተች።

ዕቃውን በገንዳው ውሃ ሞልታ፣ ድንጋዩን ቀና አድርጋ፣ ጥንዶቹን ቀስ ብላ አስገባቻቸው። «ክዳኑን አቀብለኝ» አለችው። አላቀበላትም። ተነሥታ ራሷ አነሣችው።

መንገድ ላይ ንዴቷ «ሩጪ፣ ሩጪ» ይላት ነበር፤ ውሃው እንዳይናጥ ግን ዕቃውን ደረቷ ላይ አስደግፋ በዝግታ ተራመደች። ወንድሟን የማያሳፍር ምክንያት ስታስብ ሄደች። አንዱም አልጥም ስላላት መፈለጉን ተወችው።

ልብስ ሰፊዋ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ በሩን ከፈቱ። ዕቃውን አይተው ግራ ገባቸው።

«ወንድምሽ ገና አላለቁም ብሎኝ አልነበር እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

«ካለቁ ቆይተዋል» አለች፣ ዓይናቸውን እያየች። «ርቧቸዋል፤ እንግባ።»