የሐሙስ ሙላት

እመኑም አትመኑም... ይህ የሆነ ነገር ነው። የነገረችኝ ፊርደውስ ናት፤ እሷ ደግሞ ቀልድ አታውቅም።

ሰኞ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። የለንደን ምሥራቅ ጫፍ፣ ቴምዝ ወደ ባሕር የሚሰፋበት ጭቃማ ዳርቻ።

እዚያ ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ከተማውን ከሚያጥለቀልቅ ረግረጉ ይጠጣው ብለው ግድቡን ሆን ብለው ከፍተውለታል። የፊርደውስና የጋሽ መርዕድ ሥራ፣ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ስንት ሴንቲ እንደጨመረ መለካት ነው። አንዱ ወርዶ ይለካል፤ አንዱ ግድቡ ላይ ቆሞ ገመድ ይይዛል።

ያን ቀን ገመዱን የያዙት ጋሽ መርዕድ ነበሩ።

ዘጠነኛው የመለኪያ ችካል ጋ ስትደርስ ፊርደውስ እስከ ጉልበቷ ሰመጠች።

“ጋሼ... እግሬ ስታክ አድርጓል።”

“አትንቀሳቀሺ!”

“ጋሼ... የሆነ ነገር ይዞኛል።”

ሽማግሌው ደነገጡ። ሐበሻ ሲደነግጥ ከአፉ የሚያመልጠውን አሉ።

“እኔን! እኔን ልጄ!”

ጭቃው ወዲያው ለቀቃት... የሰማ ይመስል።

ወጥታ ስታያቸው የጋሽ መርዕድ ሱሪ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ከግድቡ ደረቅ ሲሚንቶ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ማክሰኞ፣ ወንዙ በሞላበት ሰዓት፣ ጋሽ መርዕድ ከወንዙ ርቀው፣ ስቶክዌል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ቤታቸው እንደተቀመጡ እስከ ወገባቸው በጭቃ ውሃ ራሱ። ረቡዕ እስከ ደረታቸው። ጂፒው፣ የሰፈሩ ሐኪም፣ ቼክ አድርጎ “ምንም የለብዎትም” አላቸው።

ፊርደውስ የሙላቱን ሰንጠረዥ አየች።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የወሩ ትልቁ ሙላት።

ሐሙስ ቤታቸው ሄዳ እጃቸውን ያዘች። ወለሉ ደረቅ ነው። ሸሚዛቸው ግን ከታች ወደ ላይ እየራሰ መጣ... ደረት... አንገት...

“ጋሼ፣ በእኔ ምክንያት እኮ ነው...”

“ዝም በይ” አሉ በሹክሹክታ። “‘እኔን’ እንዳትይ። አደራ።”

እጃቸውን ለቀቀች። አፏን በሁለት እጇ አፈነች።

አላለችም።

አደራቸውን ጠብቃ ይሁን ፈርታ፣ እሷም አታውቅም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ይኸው ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበሩ ባዶ ነበር።

ግድግዳው ዙሪያውን፣ ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ፣ ቀጥ ያለ የጭቃ መስመር ወጥቷል። ከመስመሩ በላይ፣ ኮርኒሱ ላይ... የአሥር ጣቶች ምልክት።

የቤታቸው ቁልፍ ዛሬም እሷ ጋ ነው። ወንዙ በሞላ ቁጥር ጣቶቹ ይረጥባሉ።

ፊርደውስ ለክታቸዋለች።

በየሙላቱ አራት ሴንቲ... ወደ በሩ ይጠጋሉ።