ቢጫዎቹ አበቦች ላይ የተገኘው ሬሳ

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ብጨምር ምላሴ ይቆረጥ! መርማሪዋን በጋሪዬ ተራራው ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር ስለሌለ «ወንፊት» እንላታለን።

የመስኩ ጠባቂ ቀጭኔ በሚደብቅ ሣር መሀል፣ ቢጫ አበቦች ላይ ተንጋሎ፣ ማጅራቱ ተፈንክቶ ሞቷል። ረፋድ ላይ ሚስቱ ስታገኘው በድን ሆኖ ደርቋል። መስኩ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ አበቦቹ ዘራቸውን ሳያራግፉ ማጭድ አይነካቸውም።

ወንፊት ሬሳውን አስነስታ ሥሩን ስታይ ቆየች። ከዚያ ሚስቱን፣ ታናሽ ወንድሙንና የአበባ ተመራማሪዋን ድርቆሽ ማከማቻው ውስጥ ሰበሰበች።

«መቼ ተለያያችሁ?» አለችው ወንድምየውን።

«ትናንት፣ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ። ደህና እደር ብሎኝ ወደ መስኩ ወጣ።»

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ዝናብ ሳይመጣ እንጨድ ብለው እምቢ አለኝ። ከብቶቼ አጥንታቸው ወጥቷል፣ ኢንስፔክተር! ግን እኮ ወንድሜ ነው!»

«እሱ መቼ እኔን አገባ፤ ያገባው አበቦቹን ነው» አለች ሚስትየው፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች።

ወንፊት የተጨፈለቀ ቢጫ አበባ ለተመራማሪዋ አሳየቻት።

«ይሄ መቼ ይከደናል?»

«ጀንበር ስትጠልቅ። ጠዋት ፀሐይ ሲያገኝ ይፈካል።»

«ሬሳው ሥር ያሉት ሁሉ እንደፈኩ ነው የተጨፈለቁት» አለች ወንፊት። «ስለዚህ የወደቀው በፀሐይ ነው። ረፋድ ላይ ደርቆ ስለተገኘ ደግሞ የትናንቷ ፀሐይ ናት። ማታ በሕይወት ነበር ያልከው አንተ ነህ።»

«በእናታችን አጥንት! አልዋሸሁም!»

ካቴናው ጠቅ አለ። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እኔማ ያን ዕለት ሳጨበጭብ ተራራው አስተጋባ!

ባለፈው ይህንኑ ታሪክ ሻይ ቤት ውስጥ ሳወራ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ተመራማሪ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ሣሩ እስከ ጉልበት ነበር» አለች በቀስታ።

«እስከ ጉልበት ይሁን፣ የኔ እመቤት! ምን ይለውጣል?»

«የወደቀውም ቢጫዎቹ ላይ አይደለም። የሌሊቱ ጤዛ አንሸራቶት ማጅራቱ ድንጋይ ላይ አርፏል። ቀድሜ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሐምራዊዎቹን አበቦች ተጭኗቸው ነበር፤ ሌላ የትም አይበቅሉም። አሳዘኑኝ፤ ጎትቼ ቢጫዎቹ ላይ አስተኛሁት።»

ወንበሬን ወደ እሷ ሳብኩ።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

«የጠየቀችኝ ስለ አበባ ነው።»

«መቼ... መቼ ነው የጎተቱት?» አልኩ።

«ጠዋት። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ቢጫዎቹም ፈክተው ነበር።»