የማይበሰብስ ፍሬ

አየር ጤና፣ ጋራዡ በር ላይ ስትደርስ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ሰውዬ አሁንም ከኋላዋ ነበር።

አልዞረችም። ሻሿን የምታስተካክል መስላ በቆመ ሚኒባስ መስታወት አየችው። ከኮልፌ ጀምሮ አልተለያትም።

ገባች።

«ጥድ» ከተፈታ ሞተር አጠገብ ቆሟል። በስውር ከምትሠራለት የምርመራ መሥሪያ ቤት መረጃ የሚቀበላት እሱ ነው። ለእሱ «ድርጭት» ናት፤ ለኮልፌ ሰው ሰልሳቢል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው አለቃቸው ወርቅአፈራሁ ብቻ ነው።

«የፍሬን ሸራ አለ?» አለችው።

«ለአሮጌ መኪና ከሆነ የለም።»

ትክክለኛው መልስ ነው። ከመቀነቷ ትንሽ ቋጠሮ ፈታ ሰጠችው። ውስጡ ቀልጠው ፌስታል የሚሆኑ ነጫጭ የፕላስቲክ ፍሬዎች ነበሩ።

ነገሩ ከአፈር ነው የጀመረው። የኮልፌ ሴቶች የድንች ልጣጩን፣ የጎመን ግንዱን ከበቆሎ ስታርች በተሠራ ፌስታል እየቋጠሩ ከነፌስታሉ ጉድጓድ ይከቱ ነበር። ሁሉም አብሮ ይበሰብሳል። ብስባሹ ወንዝ ዳር አትክልት ለሚያለሙት ይሄዳል። ኋላ ግን ከብስባሹ ውስጥ የፌስታል ብጥስጣሽ ይወጣ ጀመር፤ የሰላጣው ሥር ላይ እየተጠመጠመ አነቀው። አንድ ሰው ተራ ፕላስቲክ እየቀላቀለ ነበር። ድርጭት ያንን ሰው ልትደርስበት፣ ሠራተኛ ሆና ፌስታሉ የሚሠራበት እማ ዙቤዳ ወርክሾፕ ገባች።

እማ ዙቤዳ ሴት ልጃቸውን ጎርፍ ወስዶባቸዋል። ቱቦውን የዘጋው ፌስታል ነበር። የሚበሰብስ ፌስታል መሥራት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። አዲሷ ሠራተኛ ማደሪያ የላትም ቢሏቸው አልጋቸው አጠገብ ፍራሽ አነጠፉላት። ታይፎይድ የጣላት ጊዜ አጥሚት በማንኪያ እያጎረሱ አስታመሟት። «ልጄ» አሏት።

እናት ኖሯት አያውቅም። ሥልጠናው ላይ ለዚያ ቃል ማንም አላዘጋጃትም።

«ማን እንደሚቀላቅል ደረስሽበት?» አለ ጥድ።

«ገና ነኝ።»

ዋሸች። አነስ ነበር፤ ለእማ ዙቤዳ የቀረላቸው አንድ ልጅ። ሲቀላቅል በዓይኗ አይታዋለች። ከአፏ ግን አልወጣ አላት።

«አነስ ጓሮ የደበቃቸውን ጆንያዎች አልነካሽም አይደል?»

ስለ አነስም ሆነ ስለ ጓሮው ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ጥድም ስህተቱን ከፊቷ ላይ አነበበ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲህ ካወቅሽ አወቅሽ። ፍሬውን ለአነስ የማቀርብለት እኔ ነኝ። ዛሬ ፖሊስ ሲገባ ጆንያዎቹ አሮጊቷ አልጋ ሥር ይገኛሉ። መዝገቡ ይዘጋል፤ ሥራው ይቀጥላል።»

«ልጃቸው በዚህ ተስማማ?»

«እሱ ምኑን ያውቃል!»

ባለ ሰማያዊ ጃኬቱም የእሱ ሰው ኖሯል፤ በሩን ዘግቶ ቆመ።

የተቃጠለ ዘይት የሞላውን ባልዲ በእግሯ ደፋችው። ሰውዬው ተንሸራቶ ወደቀ። ተራምዳው ሮጠች።

«ኮልፌ! ኮልፌ! አንድ ሰው!» ይላል ረዳቱ። ታክሲው መንቀሳቀስ ጀምሯል። ዘላ ገባች።

ግማሹን ፍሬ ጫማዋ ውስጥ አስቀርታ ነበር። ስልኳን አወጣች።

«አለቃ፣ ድርጭት ነኝ። ጥድ ከድቷል። ቀሪው ናሙና እኔ ጋ ነው።»

«ቀላቃዩስ?» አለ ወርቅአፈራሁ።

ዝም ካለች እማ ዙቤዳ ይታሰራሉ። ከተናገረች የቀራቸውን ልጅ ትነጥቃቸዋለች።

«ሰዓት የለንም! ማነው?»

«አነስ» አለች። «ልጃቸው።»

ፖሊሶች ጥድን ከጋራዡ ሳይርቅ ያዙት። እሷ ወርክሾፑ ስትደርስ አነስንም ማሽኑ ላይ አግኝተውት ነበር። እጁን ለካቴና ሲሰጥ እናቱን አየ።

«እማ፣ ስታርቹ ተወዶ ወርክሾፑ እንዳይዘጋብሽ ብዬ ነው።»

እማ ዙቤዳ አልጮኹም። አላለቀሱም።

«ፌስታል እህትህን በላት» አሉት። «አንተ ደግሞ ቀለብከው።»

መኪናው ልጃቸውን ይዞ ከሄደ በኋላ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺ ነሽ የነገርሽበት?»

«አዎ፣ እማ። እርስዎን ሊያስሩዎት ነበር።»

«ቢያስሩኝስ! የእሱን መታሰር ከማይ እኔን ቢያስሩኝ ይሻለኝ ነበር።» ፊቷን ትኩር ብለው አዩና፣ «ስምሽስ ሰልሳቢል ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ማን ብዬ ልርገምሽ?»

ስሟ ምላሷ ላይ መጣ። ብትነግራቸው ደስ ባላት። እርግማናቸውም ቢሆን በስሟ ቢደርሳት።

ዋጠችው።

ሻሿን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መሥሪያ ቤት ሄዳ ናሙናውን ለወርቅአፈራሁ አስረክባ ወጣች። «ጥሩ ሠርተሻል» ብሏታል። በነጋታው እማ ዙቤዳ ብቻቸውን ወርክሾፑን ከፍተው፣ የተበከለውን ፌስታል ከየቤቱ እየዞሩ ሲሰበስቡ መዋላቸውን የሰማችው ከሰው ነው። ዳግም እዚያ ሰፈር እንዳትደርስ ታዝዛለች።

ወደ ዘነበወርቅ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ እንባዋ አመለጣት። አጠገቧ የነበረች ሴትዮ ክንዷን ነካ አደረገቻት።

«ምነው እህቴ? ሰው ሞቶብሽ ነው?»

«እናቴ» አለች።

«እግዜር ያጽናሽ። ማን ይባላሉ?»

«ወራጅ አለ!» አለች ለረዳቱ።

ወረደችና ከፌርማታው ሰው ጋር ተቀላቀለች።