«ዝናብ ሰፈር» ለአንድ ሰው

አንድ ሰው ብቻ የሰማው አልበም ወጣ ይባላል?

ከሜልቦርን ትምህርቴን ጨርሼ ሮተርዳም የተመለስኩት ለሁለተኛው አልበማችን ነበር። «ዝናብ ሰፈር» እንባላለን። እዚህ ሆላንድ በአማርኛ ራፕ ማድረግ ገና ሰው በሚያስቅበት ዘመን ነው የጀመርነው። የመጀመሪያው በየሰርጉ ተጨፈረበት። ሁለተኛውስ ይወደድ ይሆን? እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነበር።

በአልበሙ ምረቃ ቀን ዴልፍስሃቨን ሰፈር የተከራየነው አዳራሽ ውስጥ በሰዓቱ የተገኘችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም።

«እንጀምር» አልኩ።

«አብደሃል?» አለ አብሮኝ የሚዘፍነው ጓደኛዬ መንሱር። «ሐበሻ እኮ ገና ልብስ እየመረጠ ነው!»

«ሰዓት ሰዓት ነው።»

«ወይ ሜልቦርን! ልጁን አበላሸችብን!»

ጀመርን። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ሲያርፍ ግጥሙ ጠፋኝ። ሳቀች... እኔም ሳቅኩ። ስለ እናቴ የጻፍኩትን ስንዘፍን ግን ዓይኗን ጠረገች።

ልክ ስንጨርስ ሕዝቡ ተሽሞንሙኖ ግልብጥ ብሎ ገባ! የአዳራሹ ጠባቂም መብራቱን አጠፋ። የኪራይ ሰዓታችን አልቋል።

በር ላይ ደረስኩባት። ሳያት ትባላለች፤ ዴን ሃግ ከተማ አረጋውያን ትንከባከባለች።

«አልበሙን እንዴት አገኘሽው?»

«እውነቱን ልንገርህ? የመጣሁት ለእህቴ ልጅ ክርስትና ነው፤ ለካ ጎን ያለው አዳራሽ ነው። እዚህ ገብቼ ባዶ ሲሆንብኝ፣ ያው ሐበሻ ዘግይቶ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።»

«ታዲያ ስንጀምር ለምን አልወጣሽም?»

«ባዶ አዳራሽ ውስጥ እየዘፈናችሁ ጥያችሁ ልውጣ? ነውር አይደለም እንዴ!»

ልቤ ስብር አለ። ለካ ይሉኝታ ነው!

ዘፈኖቹን ገና ኢንተርኔት ላይ አልጫንናቸውም። በማግስቱ ግን ፌስቡክ ላይ ያልሰማው ሁሉ ፈረደ፦ «የመጀመሪያው ይሻላል።» ከሥሩ ሳያት ጻፈች፦ «እኔ ሰምቼ አልቅሻለሁ። እናንተ የት ነበራችሁ?»

ላገኛት ዴን ሃግ ድረስ ሄድኩ።

«ይህንንም ለይሉኝታ ነው የጻፍሽው?»

«አንተ ሰው! በአንተ ምክንያት ክርስትናው አምልጦኝ እህቴ እስካሁን አኩርፋኛለች። ይሉኝታማ ቢሆን በመጀመሪያው ዘፈን ጉሮሮዬን ይዤ እያሳልኩ እወጣ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ቆየሽ?»

«ቀጥሎ የምትለውን መስማት ፈልጌ ነዋ!»

ትራም ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መድረክ ላይ የሚሮጠው ምላሴ ተሳሰረ። ስልኬን አውጥቼ «ሳያት፣ ወድጄሻለሁ። አንቺስ?» ብዬ ላክሁላት።

አነበበችው። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች።

መልእክቱ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።